የአሥራ አንደኛው ስላይድ ድምፅ

አፒዮ በሠራችው የመጀመሪያ ስላይድ ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ርዕሱ እየተሽከረከረ ይገባል፤ ፊደላቱ አንድ በአንድ ከላይ ይዘንባሉ፤ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የብዙ ሰው ጭብጨባ ይሰማል። እሷም አብራ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራት።

ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«ኧረ ምንም። የሚያጨበጭብልሽ ሰው ማን እንደሆነ ገርሞኝ ነው።»

«ከአንተ የተሻለ ሰው ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ቢያንስ እስከ መጨረሻው አይቶታል።»

ልጁ ኦኬዮ ይባላል። እሱ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፤ እሷ የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር። የስላይድ ዝግጅት ኮርስ ግን በኮሌጁ ለሁሉም የሚሰጥ ነበር፤ ከኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ስለማይሠሩም መምህር ዋንዴራ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጧቸው። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን በኪሱሙ ስንቱ ትዳር በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወንበር ላይ ተጀምሯል፤ የእነዚህ በተበላሸ ኮምፒውተር ጀመረ።

ለሁለት አንድ ማውዝ ነው ያላቸው። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ስትይዝ እሱ ይጠብቃል፤ እሱ ሲይዝ እሷ ታንጎራጉራለች። ቆይቶ ግን እጇን ሳታነሳ እጁ ይመጣና ሁለቱም የስክሪኑን ጥግ ያያሉ። መምህር ዋንዴራ በዚያ ሲያልፉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ፊደሎቹን አታስጨፍሯቸው» ይሉ ነበር መምህሩ። «የሚወራጭ ስላይድ እንደሚወራጭ ሰው ነው፤ የሚለው የለውም። አንድ ጥሩ ፎቶ አድርጉ፤ ከዚያ ፎቶው ሲናገር አታቋርጡት።»

የመጨረሻው ሥራ ሲታዘዝ እያንዳንዱ ጥንድ ፎቶም፣ ቪዲዮም፣ በራሱ ድምፅ የተቀዳ ትረካም ያለበት ሙሉ ዝግጅት አቅርብ ተባለ። ትረካው በእንግሊዝኛ፤ የሚታየውም ወላጆች በተጋበዙበት ቀን ነው።

«ስለ ትልልቅ ሆቴሎች እንሥራ» አለች አፒዮ።

«ስለ እናቴ እንሥራ» አለ ኦኬዮ።

አፒዮ ደነገጠች። አባቷ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከተማው ወደ ኮረብታው ከፍ ባለበት በኩል ነው። የኦኬዮ እናት ሐይቁ ዳር ባለው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ዓሣ ጠባሽ ናቸው። ግን ልጁ «እናቴ» ያለበት አኳኋን እምቢ የሚባል አልነበረም።

ቅዳሜ ቀን ካሜራ ተውሰው ወረዱ። የኦኬዮ እናት ድስት የምታክል መጥበሻ ፊት ቆመው፣ እስከ ክርናቸው በዘይት ርሰው፣ ቆሮሶ ዓሣውን ይገለብጡ ነበር።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«አባቴ የኡጌንያ ሰው ናቸው።»

«ኧረ! የኡጌንያ ልጅ!» ብለው እንዳሉ አቀፏት፤ እጃቸውን ሳይጠርጉ። «ቁንጅና አላቸው ይባላል የኡጌንያ ሴቶች። ዓሣ መገነጣጠል ግን አይችሉም። ነይ እስቲ እንይሽ!»

የአፒዮ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሁለት የዘይት መዳፎች ቀሩ። ለሚወዱት እንግዳ የሚሰጠውን የዓሣውን ራስ አወጡላት፤ እሷም በጣቷ እየገነጠለች፣ ኡጋሊውን፣ ጠጠር ያለውን የበቆሎ ገንፎ፣ እየጠቀለለች በላች፤ ጥላው ሥር ያሉት ሴቶች ሁሉ እየሳቁ ያስተምሯታል። ኦኬዮ የዘይቱን መንጣጣት በማይክ እየቀዳ ነበር፤ ዓይኑ ግን ዘይቱ ላይ አልነበረም።

ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ክራር መሰል መሣሪያ ይመታ ነበር። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ብድግ አለና እጁን አነሳ።

«ይቁምልኝ!»

ሙዚቃው ቆመ። በእኛ ዘንድ ሙዚቃ አስቁሞ ራሱን ወይም የሚወደውን የሚያወድስ ሰው ይሰማል። መልስ የሚሰጠው ካገኘ ይኮራል፤ ካጣ አፍሮ ይቀመጣል።

«እኔ ኦምቦጎ ነኝ! የወንበዴ ማዕበል ጌታ! ሐይቁን ያገባሁ፤ ሐይቁ ግን ያላገባኝ!»

«ሚስትህስ ይህን ታውቃለች?» ብለው መለሱለት የኦኬዮ እናት፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ሙዚቃውም ቀጠለ።

«አንቺስ አትነሺም?» አላት ኦኬዮ።

«እኔ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ሞት ይሻለኛል።»

ሲመሽ ማታቱ ወደሚባለው ሚኒባስ መቆሚያ አብረው ሄዱ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ክንዳቸው እየተነካካ ነበር፤ ሁለቱም መንገዱን አላማረሩም።

«ሽታው እቤት ድረስ ይከተልሻል» አላት።

«ይከተለኝ።»

ቆመና አያት። የሚለው ነገር እንዳለው ያስታውቃል፤ ማታቱው ግን መጣ። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ «ደህና ግቢ፣ የኡጌንያ ልጅ» አላት። ወንድ ልጅ አንዲትን ልጅ በስሟ መጥራት ትቶ በአባቷ አገር ሲጠራት በእኛ ከተማ ጎረቤት ጆሮውን ያቆማል። አፒዮ ጉዞውን በሙሉ በመስታወቱ ውስጥ ለራሷ ስትስቅ ሄደች።

ትረካውን ለመቅዳት የተመደበችው እሷ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ የርዕሰ መምህር ልጅ እንግሊዝኛ ነው። ባዶው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ማይኩን ሰካች፤ መቅጃውን ተጫነች፤ ስክሪኑ ጥግ ቀይ ነጥብ በራ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ስላይድ ላይ ቆመሽ የተናገርሽው ሁሉ እዚያው ስላይድ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጣዩን እስክትጫኚ።

አሥራ አንደኛው ስላይድ የኦኬዮ እናት ፎቶ ነበር፤ ዓሣ በእጃቸው ይዘው አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ። አፒዮ «ይህችን ከተማ የሚመግቡት እነዚህ እጆች ናቸው» የሚለውን በእንግሊዝኛ አነበበች። ከዚያ ውሃ ጠማት፤ ስትጠጣ በሩ ተከፈተ።

የገባችው የክፍል ጓደኛዋ ሪስፐር ናት። የኮረብታው ሰፈር ልጅ ናት፤ አለባበሷም ምላሷም የተሳለ።

«እውነት ነው የሚባለው?» አለቻት በሉዎ ቋንቋ።

«ምኑ?»

«የዓሣ ጠባሿ ልጅ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለሽ ከእናቱ ጋር ጣትሽን ስትልሺ ታይተሻል አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ገና ነው?»

አፒዮ አዎ ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ግን ሪስፐር ቅንድቧን አንስታ ስትጠብቅ ስታይ ፊቷ ጋለ፤ አፈረች። የምትወደውን ልጅ ነው ያፈረችበት።

«እኔ? እሱን?» ብላ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ለማርክ ብዬ ነው እንጂ። እናትየው ስታቅፈኝ እኮ ትንፋሼን ይዤ ነው የቆየሁት። ሸሚዜን ስንቴ እንዳጠብኩት ብታዪ! እዚያ ቤት ገብቼ ዕድሜ ልኬን ዓሣ ዓሣ ልሸት?»

«እኔም ምን ነክቷታል ብዬ ነው» አለች ሪስፐር፤ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ውሸት ነበር። ሸሚዙን ገና አላጠበችውም፤ አልጋዋ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሪስፐር ስትወጣ አፒዮ ቀጣዩን ስላይድ ተጫነችና ንባቧን ቀጠለች። ቀዩ ነጥብ በዚያ ሁሉ መሐል አልጠፋም ነበር።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተሽዋል?» አላት ኦኬዮ በማግስቱ።

«ሁሉንም» አለችው። አልሰማችም። የራሱን ድምፅ መስማት የሚወድ ማን አለ? እሱም አመናት።

እንግዶቹ በመጡ ቀን አዳራሹ ሞላ። የኦኬዮ እናት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ራሳቸውን አስረው፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ መጡ። ኦኬዮ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። አፒዮን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙ።

«የኡጌንያ ልጅ፤ ዛሬ እንኳ ንጹሕ ነኝ፤ አትፍሪ!» ብለው ሳቁ።

ዝግጅቱ በራሱ ይሄድ ጀመር። ሐይቁ ሲነጋ፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ፤ ዘይቱ ሲንጣጣ። የአፒዮ እንግሊዝኛ አዳራሹን ሞላው። የኦኬዮ እናት አንዲት ቃል ባይገባቸውም በየስላይዱ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ አጠገባቸው ለተቀመጡት የተማሪ አባትም «ያ የእኔ መጥበሻ ነው» እያሉ ያሳያሉ።

አሥራ አንደኛው መጣ። ፎቷቸው ግድግዳውን ሲሞላው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አፒዮ በእንግሊዝኛ ስለ እጆቻቸው ተናገረች። ከዚያ ውሃ ሲዋጥ ተሰማ፤ ከዚያ በር።

«እውነት ነው የሚባለው?»

አፒዮ መጀመሪያ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቀችም። ስታውቅ እጇን ወደ ኦኬዮ ዘረጋች፤ እንዲያጠፋው በምልክት ለመነችው። ኦኬዮ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። መጫን ይችላል። አልተጫነም። ቆሞ ሰማ።

ስላይዱ ደግሞ ድምፁ እስኪያልቅ አይዞርም። ትንፋሼን ይዤ ሲባልም፣ ሸሚዜን ሲባልም፣ ዓሣ ዓሣ ልሸት ሲባልም፣ የኦኬዮ እናት ግድግዳው ላይ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ነበር። ወንበሩ ላይ ያሉት ግን አይስቁም። ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ንግግር መሐል በራሳቸው ቋንቋ የተነገረውና የገባቸው ያ ብቻ ነበር። ቀስ ብለው ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱና በቀሚሳቸው እጥፋት ሸፈኗቸው።

የሚቀሩት ስላይዶች አለፉ። የመጨረሻው ላይ «ስለሰማችሁን እናመሰግናለን» የሚል ወጣ፤ ወዲያው ከስፒከሩ የብዙ ሰው ጭብጨባ ፈነዳ። ያን የመጀመሪያ ቀን የሳቀበትን ጭብጨባ ኦኬዮ ሳይነግራት፣ እሷን ሊያስደስት ያስገባው ነበር። ዝም ባለው አዳራሽ ውስጥ ማሽኑ ብቻውን አጨበጨበ፤ አጨበጨበ፤ አላልቅ አለ።

ኦኬዮ ገመዶቹን ነቀለ። «አመሰግናለሁ፣ አፒዮ» አላት። አፒዮ አላት፤ በስሟ። እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወጣ።

ኀፍረት ሰው ያከሳል። አፒዮ በዚያ ሰሞን መንገድ ስታቋርጥ እንኳ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሪስፐር «ይረሱታል፤ ደግሞስ ምን ያልተባለ አልሽ?» ስትላት ፊቷን አዞረች። መስማት የማትፈልገው የሪስፐርን ሳይሆን የራሷን ሳቅ ነበር፤ ትተኛለች ይመጣል፤ ትነሳለች ይመጣል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ እንደ ምንም ብላ ወደ ሐይቁ ወረደች።

የኦኬዮ እናት አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር። «እንደምን አለሽ፣ እመቤት» አሏት፤ እመቤት! ወንበሩን በጨርቅ ጠረጉላት። ዓሣውን በሳህን፣ ከሹካና ከቢላ ጋር፣ ክንዳቸውን እስከ ጫፉ ዘርግተው ከሩቅ አስቀመጡላት።

«ከዚህ በላይ አልጠጋም። ልብስሽን እንዳላበላሽብሽ።»

«እማማ፣ እኔ…»

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» ብለው ወደ መጥበሻቸው ተመለሱ።

አፒዮ ሹካውን እንደያዘች እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ዓሣውን አልበላችውም። ስትነሳ ኦኬዮ ከጥላው ውጪ ቆሞ አገኘችው።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር» አለችው።

«ሰምቻለሁ። በሹክሹክታ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስትሰድቢያት በስፒከር ነበር፤ ይቅርታ ስትጠይቂ ለጆሮዋ ብቻ ነው። እኔን ተይኝ። እኔን ብትሰድቢኝ እስቅ ነበር። እሷ ግን አሁን ሰው ከመጨበጧ በፊት እጇን ታሸታለች፣ አፒዮ። እናቴ እጇን ታሸታለች።»

ጥሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መምህር ዋንዴራ ከክፍል ስትወጣ ጠሯት።

«ዓሣ ጠባሾቹ ሴቶች የራሳችንን ፊልም አሳዩን ብለው ኦኬዮን ይዘውታል። ፕሮጀክተሩን አውሼዋለሁ። እሑድ ከሰዓት፣ በማኅበራቸው አዳራሽ። ትረካውን በሉዎ ሠርቶታል። አሥራ አንደኛው ስላይድ ላይ ግን ድምፅ አላደረገም፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት ይመስለኛል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም። ሂጂ።»

እሑድ አፒዮ ያን ሸሚዝ ለብሳ ሄደች። የዘይቱ መዳፍ አሁንም ጀርባው ላይ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ያየቻት ሴት ሌላዋን በክርኗ ጎሸመቻት፤ ሹክሹክታው ወንበር ለወንበር እስከ ፊት ደረሰ። የኦኬዮ እናት አልዞሩም።

ሴቶቹ ግድግዳው ላይ ራሳቸውን ሲያዩ እልልታና ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ኦምቦጎ የራሱን ጀልባ አይቶ «ኧረ ቀዳዳዋ አይታይ!» አለ። ከዚያ አሥራ አንደኛው መጣና ሁሉም ጸጥ አለ። የሚስቁት እናት፤ ያለ ድምፅ። 

አፒዮ እጇን አነሳች።

«ይቁምልኝ!»

ራስ ሁሉ ዞረ። ኦኬዮ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«እኔ አፒዮ ነኝ!» ድምፏ ይንቀጠቀጣል። «የኡጌንያ ልጅ! ስሜ እንደሚለው መንታ ሆኜ ከእህቴ ቀድሜ የወጣሁ፤ በምላስም የምቀድም! የእኚህን እናት ዓሣ በልቼ ያማሁ! ሲያቅፉኝ ትንፋሼን ያዝኩ ብዬ የዋሸሁ! ሸሚዜን አጠብኩት ያልኩ፤ ያላጠብኩት!» ዞራ ጀርባዋን አሳየች። «ይኸው! ለአንድ ሰው ሳቅ ብዬ የምወደውን ልጅ የካድኩ! ኦኬዮን ነው የምወደው፤ የእኚህን እናት ልጅ። በስፒከር ሰድቤያቸዋለሁ፤ ስፒከር የለኝም እንጂ በስፒከር ነበር የምናገረው። እኔ ነኝ። የሚመልስልኝ ካለ ይመልስልኝ።»

ማንም አልመለሰላትም። ሽማግሌው ኦምቦጎ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ እግሩን ረገጠችው። መልሱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ኦኬዮ እናቱን ያይ ነበር፤ እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የራሳቸውን ሳቅ። አፒዮ አሁን አፍሬ እቀመጣለሁ፣ እስከ ዘላለሙም አልነሳም ብላ አሰበች።

የኦኬዮ እናት ተነሱ።

«እኔ የኦኬዮ እናት ነኝ!» አሉ፤ እንደ እሷ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ዓሣ የምሸት! ባሌን በዓሣ የቀበርኩ፣ ልጄን በዓሣ ያስተማርኩ! የሸተተው ይሽሽ፤ የራበው ይምጣ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እሳቸው በወንበሮቹ መሐል አልፈው አፒዮ ፊት ቆሙ። ከማቀፋቸው በፊት ግን እጆቻቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ መዳፋቸውን፣ የእጃቸውን ጀርባ፣ በጣቶቻቸው መሐል። በደንብ ጠረጉ። ከዚያ አቀፏት።

አፒዮ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሴቶቹ የደስታ መሰላቸው።

«የኡጌንያ ልጅ» አለ ኦኬዮ ከወዲያ። «ቁጭ በይ እስቲ፤ ገና አላለቀም።»

ተጋቡ። ትዳራቸው የተሳካ ነበር፤ ኦኬዮ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳባትም። እናቱም እንደ ልጃቸው ወደዷት፤ ሲታመሙ የሚጠሩት እሷን፣ ሲቆጡ የሚሰድቡትም እሷን ነበር። ሆኖም አፒዮ ደጃፋቸው በደረሰች ቁጥር፣ «መጣሽ ልጄ!» ይሉና፣ እጃቸው ወደ ሽርጣቸው ይሄዳል። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሐል። ከዚያ ያቅፏታል። ሌላውን ሰው ሁሉ እንዳሉ ነው የሚያቅፉት። የሚጠርጉት ለእሷ ብቻ ነው፤ እየጠረጉ መሆናቸውንም የሚያውቁ አይመስልም። አፒዮ ያቺን አፍታ ዓይኗን ሰብራ ትጠብቃለች። ተዉት ብላ ለመናገር አፍ አልነበራትም።

የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል ስትመለስ በሐይቁ በኩል አለፉ። አማቷ መኪናው ሲቆም ከመጥበሻው ፊት አዩዋት። የያዙትን ጥለው፣ ነጠላ ጫማቸው አሸዋው ላይ እየቀረ፣ እየጮኹ ሮጡ፤ ሕፃኑንም እናቱንም አንድ ላይ ጥምጥም አደረጉ። ዘይቱ ከክርናቸው ይንጠባጠብ ነበር።

ቤት ሲገቡ ኦኬዮ ከኋላዋ ቆሞ «ወይኔ፣ ጀርባሽ!» አለ። «አዲሱ ቀሚስሽ! ሁለት መዳፍ ሙሉ ዘይት ነው። አውልቂው ልጠበው።»

«እንዳትነካው» አለችው አፒዮ።